ከመሐል ሜዳ የመጣ ጥያቄ፦ የፒኤችዲ ፌሎሺፕ ለምን እየተከለከልኩ ነው?

ጥያቄው፦

«ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። በእንስሳት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በ3.4 ነው የያዝኩት። ማስተርሴን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ጨርሻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በመንዝ በግ ግልገሎች ሞት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ያላመለከትኩበት የለም ማለት ይቻላል። መልሱ ሁሌም ‹እናዝናለን› ነው። ፐብሊኬሽን የለኝም። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና አልተፈተንኩም። አሁን አንድ ኤጀንት ‹40 ሺህ ብር ክፈይ፣ ፈንድ ያለው ቦታ እኔ አገኝልሻለሁ› ብሎኛል። 33 ዓመቴ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅም አለችኝ። ያመለከትኩባቸውንና ልሞክር ያሰብኳቸውን ዝርዝር፣ ፕሮፖዛሌንና ደብዳቤዬን ልኬልዎታለሁ። ምንድን ነው የጎደለኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ የላክሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አንቺ እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልሽ። እርስዎ እያልኩ እውነቱን ለመናገር ይከብደኛል።

ከኤጀንቱ እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። አትክፈይ። የጀርመኑ ዳድ፣ የሴት ሳይንቲስቶቹ ኦውስድ፣ የእንግሊዝ መንግሥቱ ቺቭኒንግ የሚባሉት ስኮላርሺፕ ሰጪዎች ሁሉ ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቁም። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በተለይ አሜሪካ። እሱም ቢሆን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው የሚከፈለው። ብዙዎቹ ደግሞ በኢሜይል በትሕትና ከጠየቅሻቸው ክፍያውን ያነሱልሻል። ኤጀንቱ የሚያደርገው ፎርም መሙላት ነው። አንቺ የተሸነፍሽው ደግሞ በፎርም አሞላል አይደለም። 40 ሺህ ብር ካለሽ ለእንግሊዝኛ ፈተና፣ ለሰነድ ማረጋገጫና ለአዲስ አበባ ምልልስ አስቀምጪው። ያስፈልግሻል።

ቀጥሎ ዝርዝርሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ከተከለከልሽባቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ጋ ማመልከቻሽን ያነበበው ሰው የለም። የኮመንዌልዝን ስኮላርሺፕ ውሰጂ፤ ኮመንዌልዝ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር ነው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ጎረቤታችን ኬንያ ናት፤ እኛ አይደለንም። ስለዚህ ፕሮፖዛልሽ ወርቅ ቢሆን እንኳ በር ላይ ይቀራል። ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ፒኤችዲ አይከፍልም። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ የሚባለውም ስሙ እንደሚናገረው ማስተርስ ነው። ልትሞክሪው ያሰብሽው የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን (ኤንኤስኤፍ) የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ደግሞ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተዘጋጀ ነው። ቴሌግራም ላይ «ፉሊ ፈንድድ» (ሙሉ ወጪ የሚሸፍን) ብሎ የሚለጥፍ ሰው ይህን አይነግርሽም። እሱ የሚቆጥረው ስንት ሰው እንዳየለት ነው። ማስታወቂያ ስታዪ መጀመሪያ የምታነቢው «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ይሁን፤ ያውም ከሰጪው ከራሱ ድረ ገጽ ላይ። የገንዘቡን መጠን ማንበብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ታዲያ ለአንቺ የሚሆነው የቱ ነው?

ዳድ ለአፍሪካውያን በአገር ውስጥና በአካባቢው አገሮች ለሚማሩ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለው። እዚያ ላይ የመጨረሻ ዲግሪሽ ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። አንቺ በ2013 የያዝሽው ማስተርስ በፈረንጅ አቆጣጠር 2021 ነው። ስድስት ዓመቱ በ2027 ይሞላል። ጊዜ አለሽ፤ ግን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ጃፓኖች በኤምባሲያቸው በኩል የሚሰጡት ሜክስት የሚባለው ደግሞ ዕድሜ ይቆጥራል፤ 35 ያልሞላው ነው የሚፈልገው። 33 ነኝ ብለሻል። ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ነው። ሜክስት ላይ ዋናው ነገር የጥናት ዕቅድ የሚጻፍበት ቅጽ ነው። ጠባብ ቦታ ስለሆነ ወሬ አያስተናግድም። በነገራችን ላይ ለሌላ ባታመለክቺበት እንኳ ያንን ቅጽ ለልምምድ ሞልተሽ ሞክሪው፤ ሐሳብሽ ጥርት ያለ መሆን አለመሆኑን በአንድ ምሽት ያሳይሻል።

ኦውስድ ለሴት ሳይንቲስቶች የተቋቋመ ድርጅት ነው። መቀመጫው ጣልያን፣ ትሪየስቴ ነው፤ የዩኔስኮ ፕሮግራም ነው። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ወደኋላ ከቀሩ አገሮች የመጡ ሴቶች በሌላ ታዳጊ አገር ፒኤችዲ እንዲሠሩ ይከፍላል። የእኛም አገር በዝርዝሩ ውስጥ ነች፤ ግብርናም ይካተታል። ሙሉ ጊዜ አለ፤ ሳንድዊች የሚሉትም አለ። ሳንድዊች ማለት አገርሽ ተመዝግበሽ ለምርምሩ የተወሰነ ክፍል ብቻ ወደ ውጭ ወጣ ገባ የምትይበት ነው። ለልጅ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ጥሪው መቼ እንደሚከፈት ከድረ ገጹ ተከታተዪ። ከመከፈቱ በፊት ግን ከሚቀበልሽ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ደረጃ የቅበላ ደብዳቤ በእጅሽ ይኑር። ብዙ ሴቶች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ጥሪው ሲወጣ ደብዳቤ ፍለጋ ይጀምራሉ፤ ደብዳቤው ሲመጣ ጥሪው ተዘግቷል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ፣ ስኮላርሺፕ የማይባለው ነው። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ ውስጥ አብዛኛው ፒኤችዲ ሥራ ነው። ደመወዝ ያለው፣ ግብር የሚቆረጥበት ቅጥር ነው። ማስታወቂያውም የሚወጣው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው። አንቺ «ስኮላርሺፕ» ብለሽ ጎግል ስታደርጊ እሱ አይመጣልሽም። በአሜሪካም ፕሮፌሰሩ ከራሱ የምርምር ገንዘብ ረዳት ተመራማሪ አድርጎ ሊቀጥርሽ ይችላል። እዚያ የሚወስነው ሰው ፕሮፌሰሩ ነው። ከቤታችን ሳንርቅ ደግሞ አዲስ አበባ ኢልሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም አለ። ለተመራቂ ተማሪዎች ከምርምሮቹ ጋር የተያያዘ ዕድል ያወጣል። የአፍሪካ ኅብረቱ ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲና መቀመጫው ካምፓላ የሆነው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትስስር ሩፎረምም ከዝርዝርሽ ውስጥ ይግቡ።

ይህን ሁሉ አልኩ እንጂ፣ ነገሩ ያለው እዚህ አይደለም። ነገሩ ያለው ፕሮፖዛልሽ ውስጥ ነው።

ርዕስሽ «የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ የእንስሳት ምርታማነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ደግሞ «ኢትዮጵያ በእንስሳት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት» የሚል ነው። እህቴ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ያላየ ገምጋሚ የለም። በአገራችን የእንስሳት ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ እሱ የተጀመረ ያለ አይመስለኝም። ውሸት አይደለም። ግን ስለ አንቺ ምንም አይናገርም። ሐዋሳ ያለውም፣ ጅማ ያለውም፣ አንድ ቀን በግ አግዶ የማያውቀውም ይጽፈዋል። ገምጋሚው ፊቱ ብዙ ፋይል ተደርድሯል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ «ይህች ሰው ሌላው ያላየውን አንድ ነገር አይታለች» ካላለ ቀሪውን ገጽ በግርድፉ ነው የሚያልፈው።

የሚገርመኝ ደግሞ ያ ያየሽው ነገር በጽሑፍሽ ውስጥ መኖሩ ነው። ገጽ አምስት ላይ፣ ውስጡ ተቀብሮ። እንዲህ ብለሻል፦ ገበሬዎች ምርጥ አውራ በግ ወስደው ግልገሎቻቸው ከማደጋቸው በፊት ያልቁባቸዋል። በቃ፣ ፕሮፖዛልሽ ይኸው ነው! ሌላውን ሁሉ ጣይው።

በመንዝ የማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ዓመታት አስቆጥሯል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ማዕከል ኢካርዳና ኢልሪ እጃቸው አለበት። ገበሬዎቹ በጎቻቸውን በጋራ ይመዘግባሉ፤ የተሻሉ አውራዎችን ይመርጣሉ፤ በዙር ይጠቀሙባቸዋል። ይህ አሠራር በዓለም ላይ በዘርፉ ላሉ ሰዎች የታወቀ ነው። መንዝ ስትዪ ያውቁታል። አንቺ የተቀመጥሽው እንግዲህ እነሱ በአውሮፕላን የሚመጡበት ቦታ ላይ ነው። ታዲያ ምን ሆነሽ «በኢትዮጵያ» ትያለሽ?

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ አደርገው ነበር። በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፤ እዚህ ሐሳቡን ብቻ በአማርኛ ላስቀምጠው፦

«በመንዝ ደጋ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ማኅበራት አውራ በግ ሲመርጡ በዋናነት የሚያዩት የስድስት ወር ክብደቱን ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው የሞተ ግልገል ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። ስለዚህ ብዙ ልጆች የሞቱበት አውራና ጥቂት የሞቱበት አውራ በመዝገቡ ላይ እኩል ሊታዩ ይችላሉ። ይህ ጥናት ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ግልገሎች የሚሞቱት በስንት ቀናቸውና በየትኛው የልደት ወቅት ነው? ሞቱ እናቲቱ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ካገኘችው መኖ ጋር ምን ያህል ይያያዛል? ከአውራ አውራ በልጆች መትረፍ ረገድ ልዩነት አለ ወይ?»

አየሽ፣ አየር ንብረት የሚል ቃል አልገባም። ሊገባ ይችላል፤ ግን በሩ በኩል። በልግ ሲቀር መኖ ይጠፋል። መኖ ሲጠፋ እናቲቱ ትከሳለች፤ ወተቷም ያንሳል። እንዲህ ሆኖ ሲመጣ የአየር ንብረቱ ጉዳይ በአንድ በግ ሆድ ውስጥ ይታያል። ገምጋሚው የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ደግሞ ጠንቃቃ ገምጋሚ ሆኜ ልሞግትሽ። ሦስተኛው ጥያቄ ችግር አለው። የግልገል መትረፍ በዘር የሚወርሰው ድርሻ ዝቅተኛ እንደሆነ በሌሎች የበግ ዝርያዎች ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ማለትም በአውራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት የብዙ አውራዎችና የብዙ ግልገሎች መዝገብ ያስፈልግሻል። በሁለት ቀበሌና በአንድ ዓመት የሚሆን አይደለም። ይህን ገምጋሚው ከሚነግርሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪው። «ለሦስተኛው ጥያቄ የማኅበራቱን የቆየ መዝገብ እጠቀማለሁ፤ መዝገቡ በቂ ሆኖ ባይገኝ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ» በዪ። አንድ እግሩ ቢሰበር የማይወድቅ ጥናት ያሳየ አመልካች ብርቅ ነው። መዝገቡን ለማየት ደግሞ ከምርምር ማዕከሉ የትብብር ደብዳቤ ያዢ። ደብዳቤውን አባሪ ስታደርጊ ፕሮፖዛልሽ ከምኞት ወደ ሥራ ይሸጋገራል።

ዘዴው ላይም እንዲሁ መሬት ውረጂ። «መረጃ በመጠይቅ ይሰበሰባል» ብለሻል። ማን ይሰበስባል? ግልገል የሚሞተው ሌሊት ነው። ጠዋት ባለቤቱ ለውሻ ጥሎታል ወይ ቀብሮታል። ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ይዤ እሄዳለሁ ብትዪ ማንም አያምንሽም። ስለዚህ በየጎጡ የሚጽፍ አንድ አንድ ልጅ ቅጠሪ። በግልገሉ ጆሮ ላይ ቁጥር ይታሰር። የልደት ክብደት፣ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላ ይመዘን። ሲሞት ባለቤቱን በዚያው ሳምንት የሚጠይቅ ቅጽ ይኑር፦ አስቀምጦት ነበር? ሳል ነበረው? ከመሞቱ በፊት ጠብቷል? ቀበሮ ነው የወሰደው? ለሰው ሞት የሚሠራበት የቃል ምርመራ የሚባለው፣ ቤተሰብን ጠይቆ የሞቱን ምክንያት የማወቅ ዘዴ ለእንስሳም ይሆናል። ይህን ስትጽፊ ገምጋሚው የሚያየው የመንዝን ግቢ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ አይደለም።

ናሙና ወደ ውጭ የምትልኪ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን አስቢበት። ደምም ሆነ ጸጉር ለዘረመል ምርመራ ከአገር ሲወጣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ያገባዋል፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። አብዛኛው አመልካች ስለማይጽፈው ግን አንቺ ስትጽፊው የሠራች ሰው መሆንሽ ይታወቃል። የጸጥታውንም ነገር አትደብቂው። የአካባቢያችንን ሁኔታ ውጭ ያለው ገምጋሚ ዜና ላይ ያያል። ዝም ካልሽ እሱ ከእውነቱ የባሰ ይገምታል። «መንገድ ቢዘጋ በየጎጡ ያሉት መዝጋቢዎች ሥራውን ይቀጥላሉ፤ ሁለተኛ የመረጃ ቦታም መርጫለሁ» ብለሽ በሁለት መስመር ዝጊው። ከበጀቱ ውስጥም አበል፣ የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ የጆሮ ቁጥርና ሚዛን ለየብቻ ይቀመጡ። «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለው መስመርሽ ከሁሉም ይበልጣል፤ ይህ ለማንም ደስ አይልም።

ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ ከድሃ ገበሬ ቤት መወለድሽን፣ በባዶ እግርሽ ትምህርት ቤት መሄድሽን፣ ዕድል ብታገኚ አገርሽን እንደምትጠቅሚ ጽፈሻል። ሁሉም እውነት ነው፤ እኔም አንብቤ ልቤ ተነክቷል። ግን እዚህ ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ምጽዋት እየሰጡ አይደለም። የሚገዙት ነገር አለ፤ የሚያልቅ ምርምር። የእነሱ ጭንቀት «ይህች ልጅ በአራት ዓመት ትጨርሳለች ወይስ መሀል ላይ ትተወዋለች?» የሚል ነው። ደብዳቤሽ ይህን ጭንቀት ማስታገስ አለበት። ባለፉት ዓመታት በወረዳሽ ምን ሠራሽ? የክትባት ዘመቻ አስተባብረሻል? የበግ መዝገብ ይዘሻል? ገበሬ አሠልጥነሻል? አንድ ያስጀመርሽውና የጨረስሽው ነገር ንገሪያቸው፤ በቁጥር። የልጅነትሽ ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ እሱም ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ ካስረዳ። በግ እየጠበቅሽ ካደግሽ ለምሳሌ ያስረዳል።

እኛ ሐበሾች ራሳችንን ማወደስ ያሳፍረናል። «እኔ ይህን ሠርቻለሁ» ማለት ጉራ ይመስለናል። ስለዚህ «ይህ ተሠርቷል» ብለን እንጽፋለን። የላክሽው ሲቪ ሙሉ በሙሉ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር ተሠርቷል፣ ሠሪ ግን የለም። ፈረንጅ ይህን እንደ ትሕትና አያነበውም። ያልሠራሽው ነው የሚመስለው።

ለፕሮፌሰር የሚላክ ኢሜይል ላይ ብዙም አልቆይም፤ አጭር ይሁን። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በጥልቅ አክብሮት…» ብለሽ ጀምረሽ ሙሉ ሲቪሽን በኢሜይሉ ሆድ ውስጥ አትዘርግፊ። ለመቶ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት አትላኪ፤ ወዲያው ይታወቃል። በመጀመሪያው መስመር የእሱን የትኛውን ጥናት እንዳነበብሽና የትኛው ነጥብ ከመንዝ ጋር እንደሚገናኝ ጻፊ። በሁለተኛው ጥያቄሽን፣ በሦስተኛው በእጅሽ ያለውን፦ መዝገብ፣ የትብብር ደብዳቤ፣ የመስክ ልምድ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «በሚመጣው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» ሲቪና የአንድ ገጽ ሐሳብ አያይዢ። ካልመለሰልሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሺው። ከዚያ እለፊው። ክፋት አይደለም፤ ኢሜይሉ በዝቶበት ነው።

ፐብሊኬሽን የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። በሳምንት ውስጥ አወጣልሻለሁ፣ ክፈይ ከሚል ጆርናል ግን ሽሺ። እዚያ የወጣ ጽሑፍ ከሌለሽ ይሻልሻል፤ ገምጋሚዎች ስማቸውን ያውቋቸዋል። ማስተርስሽ ውስጥ የሚታተም ነገር አለ። የግልገል ሞቱን ምዕራፍ ነጥለሽ ከአማካሪሽ ጋር አሳጥሪውና ለኢትዮጵያ የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ማኅበር ጉባኤ ወይም ለማኅበሩ ጆርናል ላኪው። ለግምገማ መላኩ ራሱ ሲቪ ላይ ይጻፋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ የእኛ አገር ጣጣ የታወቀ ነው። መምህሩ «አንቺው ጻፊና አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ» ይላል። ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ እጅ የተጻፈ ሲሆን ደግሞ ያስታውቃል። እምቢ በዪው አልልሽም፤ ሰውየው ሥራ ይበዛበታል። ግን ደብዳቤውን አትጻፊለት፤ ማስታወሻ ስጪው። በአንድ ገጽ፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማረሽ፣ ምን ውጤት እንዳገኘሽ፣ መስክ ላይ አብራችሁ የሠራችሁትን፣ የሚላክበትን ቀን። የሚልክበት ኢሜይል የዩኒቨርሲቲው ቢሆን ይመረጣል። ሊንኩ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል። ደውዪለት፤ ሳያሳፍርሽ ደግመሽም ደውዪለት።

የእንግሊዝኛውን ነገር ካሁኑ ጨርሺ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ይቀበላል። ለአሜሪካ ቤት ውስጥ የሚወሰደውና ርካሽ የሆነው ዱዎሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ግን ኔትወርክ ከተቆረጠ ፈተናው ይበላሻልና አዲስ አበባ ወርደሽ ውሰጂው። ውጤትሽ 3.4 አነሰ ብለሽም አታፍሪ። ጀርመኖች በራሳቸው ቀመር ሲቀይሩት፣ ማለፊያው 2.0 እንደመሆኑ፣ 1.9 ይሆናል። እነሱ ጋ 1 ምርጥ፣ 4 ማለፊያ ነው። ጥሩ ውጤት ነው።

ሰነድ፦ ኮስት ሼሪንግሽን ካልጨረስሽ ዛሬ ጀምሪው። በቴምፖና በስቱደንት ኮፒ ማመልከት የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ሲቀበሉሽ ግን ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ይጠይቁሻል። ፓስፖርት ከሌለሽ አሁኑኑ አውጪ። የስምሽን አጻጻፍ ደግሞ አደራ። በላክሽልኝ ሰነዶች ላይ የአባትሽ ስም በመጀመሪያው ዲግሪ ላይ በአንድ ኤል፣ በማስተርሱ ላይ በሁለት ኤል ነው የተጻፈው። ለእኛ ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነሽ። ፓስፖርትሽን የምታወጪው በየትኛው አጻጻፍ እንደሆነ አስቀድመሽ ወስኚና ልዩነቱን ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ ያረጋግጥልሽ።

ቀኑንም ተጠንቀቂ። ኦክቶበር 31 ማለት አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ጥቅምት 21 ነው እንጂ የጥቅምት መጨረሻ አይደለም። ሰዓቱ ደግሞ የእነሱ ነው። በክረምታቸው በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 11፡59 ፒኤም ከተባለ፣ በእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ነው። መሐል ሜዳ ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ያን ሰዓት ይኑር አይኑር አንቺ ታውቂያለሽ። ከሦስት ቀን በፊት አስገቢው።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝ ነገር የለም፤ ግን ጽሑፍሽ ውስጥ አለ። አንዳንዶቹ ለቤተሰብ የሚሆን ተጨማሪ ይከፍላሉ። ዳድ በተወሰኑ ሁኔታዎች ይከፍላል፤ በቅጥር የሚሠራ ፒኤችዲ ደግሞ እንደማንኛውም ሠራተኛ የወሊድና የልጅ መብቶች ይኖሩታል። ሳንድዊቹ ከሁሉም ይመችሻል የምለው ለዚህ ነው፤ መስኩ ራሱ መንዝ ነውና አብዛኛውን ጊዜ ቤትሽ ነሽ። ለፕሮፌሰሩ በመጀመሪያው ኢሜይል ስለ ልጅ መጻፍ አይጠበቅብሽም። ቦታውን ከሰጠሽ በኋላ ጠይቂው፤ ያኔ እሱም አብሮሽ መላ ይፈልጋል። ለመሥሪያ ቤትሽ ግን አሁኑኑ ንገሪ። የትምህርት ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ከወረዳ እስከ ዞን ሲዞር ጊዜ ይፈጃል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም በእንግሊዝኛ፣ የጀመርሽበት ቀንና የሥራ ድርሻሽ ተጽፎበት ይውጣ። አዲሱን የአንድ ገጽ ሐሳብ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ በግልገሎቹ ጀምሪው እንጂ በኢትዮጵያ አትጀምሪው።